አዲሱ መጽሐፍ የመጣ ዓመት

ማክሰኞ ጠዋት ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ስወጣ ስልኬ ላይ አራት ያልተመለሰ ጥሪ አገኘሁ። አራቱም የጋሽ ጅግሶ ነበሩ። ጋሽ ጅግሶ ሥራ የጀመርኩበት ትምህርት ቤት ጥበቃ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከይርጋጨፌ ወጣ ብሎ በኮንጋ በኩል ዳገት ላይ ነው ያለው፤ እኔ አሁን የማስተምረው ዲላ ከተማ ነው። እሳቸው አንድ ጊዜ አስጠርተው የሚዘጉ ሰው ናቸው። አራት ጊዜ ሲደውሉ ደግ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

«ታደለች አረፈ» አሉኝ። «እሁድ ነው ያረፈ። ትናንት ቀበርን። አንተ ስልክህ እምቢ አለ።»

«ምን ሆነው ነው ጋሼ?»

«ስኳር ነው። እግሩ ቆሰለ፣ ሆስፒታል ገባ፣ ከዚያ በቃ።» «ሰው ብዙ ነበር። ዝናብም ብዙ ነበር።»

ጋሽ ጅግሶ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የሚጠሩት። የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህርት እትዬ ታደለች ደግሞ አጸፋውን ለመመለስ እሳቸውን «አንቺ» ይሏቸው ነበር። ጠዋት በሩ ላይ «ጅግሶ፣ እንዴት አደርሽ?» ሲሏቸው፣ «ደህና፤ አንተስ?» ይላሉ። ሁለቱም ሳይስቁ ይተላለፋሉ። ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይኼ ነው።

ነገርን በቅደም ተከተል መናገር እወዳለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር።

በሒሳብ ተመርቄ ወደዚያ ትምህርት ቤት ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አቶ መስፍን ደብዳቤዬን ተቀብለው፣ «ማስተማር ምን እንደሆነ ማየት ከፈለግህ ሰባተኛ ‹ሀ› ገብተህ ከኋላ ተቀመጥ» አሉኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ።

እትዬ ታደለች ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመት አስተምረዋል። መጽሐፍም ማስታወሻም ሳይዙ ገቡ። ጠረጴዛውን በጣታቸው ሁለቴ መቱና፣ «ገጽ ሰማንያ ሦስት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥያቄ። ከሥሩ ያለውን ሥዕል አትዩ፤ ሥዕሉ መልሱን ይነግራችኋል» አሉ። ልጆቹ ገለጡ፤ እንዳሉት ነው። ትንሽ ቆዩና፣ «አንተ ከኋላ ሸንኮራ የምታኝክ፣ ወይ ለጎረቤትህ አካፍል ወይ ዋጠው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ከእኔ አጠገብ የነበረው ልጅ ዋጠው።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ሰሌዳቸው ነው። የግራ አውራ ጣታቸውን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያሳርፋሉ፤ በቀኝ ይጽፋሉ፤ መስመሩ ሲያልቅ አውራ ጣቱ አንድ እርምጃ ይወርዳል። መስመሮቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ሲወጡ ቀርቤ ጠርዙን ዳሰስኩት። እንጨቱ በቢላ ተነቅሷል፤ በእኩል ርቀት፣ ከላይ እስከ ታች። ሥርዓት የሚወድ ሰው ነኝና ልቤ ሞቀ። በማግስቱ ቢላ ተውሼ የራሴን ክፍል ሰሌዳ እንደዚያው ነቀስኩት። ምን እየቀዳሁ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ስም ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዱ ሻዩ ቶሎ ቀዘቀዘ ቢል፣ የብረት ኩባያ ከብርጭቆ በምን እንደሚለይ ማስረዳት ጀመርኩ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁና፣ «ሻዩ አሁን በረዶ ሆነ። ይኼ ልጅ ማብራሪያ ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ማብራሪያ መጣ» ሲባል እኔ ነኝ። ክፉ አልነበሩም። ጠመኔ ተሰብሮብኝ ስበሳጭ፣ «ምን ሆንክ? ሁለት ሆነልህ እኮ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው።

በሁለተኛው ዓመቴ አዲሱ መጽሐፍ መጣ። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ ነበር። መኪናው በጭቃው ምክንያት ዳገቱን መውጣት ስላቃተው ልጆቹ መጽሐፉን ከታች በጭንቅላታቸው ተሸክመው አመጡት። እትዬ ታደለች አንድ ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት።

«ስንት ገጽ ነው?»

«ሁለት መቶ አሥር።»

«የድሮው መቶ ሰባ ስድስት ነበር» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

በሳምንቱ ከትምህርት በኋላ ጠሩኝ። «አንተ ማብራራት አይደል የምትወደው? ና ይኼን መጽሐፍ እያነበብክ አብራራልኝ። ጮክ ብለህ። ወጣት እንዴት እንደሚያነበው መስማት እፈልጋለሁ።» ደስ አለኝ። አሥር ሰዓት ላይ ሰባተኛ ‹ሀ› ውስጥ ተቀምጠን ማንበብ ጀመርኩ። ከዳገቱ ሥር የእሸት ቡና መፈልፈያው ይጮሃል፤ የገለባው ሽታ በመስኮት ይገባል። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ ከንፈራቸው ከእኔ ኋላ ኋላ ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አንድ ሥዕል መጣ።

«ትሪያንግል ነው» አልኩ።

«ትሪያንግል መሆኑንማ ነገርከኝ። ቁጥሩ የት ጋ ነው የተጻፈው?»

መጽሐፉን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁላቸው። ጎንበስ አሉና ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ ጋ?»

ጣታቸው ያረፈው ከመጽሐፉ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ጠረጴዛው እንጨት ላይ ነበር። መጽሐፉን በቀስታ ስቤ ከጣታቸው ሥር አደረግሁትና፣ «አዎ፣ እዚያ ጋ» አልኩ።

ጣታቸው ወረቀቱ ሲደርስበት ተሰማቸው።

«አንቀሳቀስከው፤ አይደል?» አሉ።

ሁሉንም ነገሩኝ። ስኳሩ ከጀመራቸው ቆይቷል። መጀመሪያ ዓይናቸው ውስጥ እንደ ጥላሸት ያለ ነገር ተንሳፈፈ። ከዚያ የኮንጋ ጠዋት የመሰለ ጭጋግ መጣ፤ ግን ፀሐይ ሲወጣ የማይነሳ። ሐዋሳ ሄደው ታይተው ነበር፤ ሐኪሙ ዘግይተሻል አላቸው። አሁን የሚያዩት መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ነው። የድሮውን መጽሐፍ ግን ዓይናቸው ሳይደክም ሃያ ጊዜ አስተምረውታል፤ እያንዳንዱ ገጽ በጭንቅላታቸው ውስጥ አለ። ሰሌዳውን የነቀሱት ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ነው። በዚያ መጽሐፍ ሰባት ዓመት ተደብቀው ኖሩ። አዲሱ ሲመጣ መደበቂያቸው ፈረሰ።

«ለማንም አትናገር» አሉኝ። «ቤቴ ውስጥ ዕውር ልሁን፤ ግድ የለም። ክፍል ውስጥ ግን መምህር ነኝ። እሱን ከወሰዱብኝ ምን እቀራለሁ?»

አልናገርም ብዬ ማልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፤ አንድ ወረቀት ላይ እቅድ ጻፍኩ። አንድ፣ ችግሩን አምኖ መቀበል። ሁለት፣ ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ። ሦስት፣ ዲላ ሄዶ በጣት የሚነበበውን ብሬል መማር። በማግስቱ አነበብኩላቸው።

«ተራ ቁጥር ሰጠኸው?» አሉ።

«እትዬ፣ ለውጥን የተቀበለ ሰው ያድጋል። የሸሸው ነው—»

«እኔ ቡና አይደለሁም፤ በየዓመቱ አላድግም። አንብብ።»

አነበብኩ። አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ በየቀኑ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አነበብኩ። ግን ጭንቅላታቸው እንደ ድሮው አልሆነላቸውም። የድሮው ገጽ እየመጣ ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። «ገጽ አርባ» ይላሉ፤ ልጆቹ ይገልጣሉ፤ ያሉት የለም። «እንግዲያው ሌላ ላይ ነው» ይላሉ፣ በግንባራቸው ላብ እየወረደ። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት መጣሁ።

በአካባቢያችን ያሉ ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው የልምድ ልውውጥ ያደርጋሉ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር «ምርጥ ተሞክሮ» ያቀርባል። አቶ መስፍን በዋዜማው፣ «አሥራ አምስት ደቂቃ ሙላልን፤ ማውራት አይከብድህም» አሉኝ። ርዕሴን «ለውጥን መቀበል» አልኩት። ስለ አዲሱ መጽሐፍ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰው ያንቀላፋል። ከወረዳ የመጣው ሱፐርቫይዘር ስልኩን ያያል። ምሳሌ ያስፈልገኝ ነበር፤ ያለ ምሳሌ ማብራሪያ ማብራሪያ አይደለም።

«ስም አልጠራም» አልኩ። «አንድ ትልቅ መምህር አሉ። ዓይናቸው እምቢ ብሏቸው ሳለ፣ አዲሱን መጽሐፍ በጆሯቸው እየሰሙ ገጽ በገጽ ያጠናሉ።»

ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ። ስም አልጠራሁም፤ ግን መጽሐፍ ሳይዝ የሚያስተምር ሰው በዚያ ሁሉ ትምህርት ቤት አንድ ብቻ ነው። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። እትዬ ታደለች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሌላው ማጨብጨብ ከጀመረ በኋላ፣ ትንሽ ዘግይተው፣ እሳቸውም አጨበጨቡ። ሱፐርቫይዘሩ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

ምደባቸውን የሚለውጠው ደብዳቤ በሳምንቱ መጣ። ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት። ማየት የማይችል ሰው መጻሕፍት እንዲጠብቅ ተመደበ። ወደ አቶ መስፍን ቢሮ ሮጥኩ።

«አላወቅሁም ብለህ ነው?» አሉኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። ጅግሶም ያውቃል። ልጆቹም ሳያውቁ አይቀሩም። ዝም ያልነው ደንቁረን መሰለህ? ሁለት ዓመት ዝም ያልነውን አንተ በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨረስከው።»

ቤተ መጻሕፍቱ ቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ሰው አይሰማማም። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። በሁለቱ መደርደሪያዎች መሐል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። የጠመኔ ብናኝ የሌለበት እጃቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

«ክፉ ሰው ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ረግሜህ አርፍ ነበር። አንተ ግን ክፉ አይደለህም። ምን ላድርግህ?»

ከወራት በኋላ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ወደ ዲላ ተዛወርኩ። ሸሸሁ ማለት ነው። ስለ መሸሽ ያን ሁሉ ያወራሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ከፊሉን ሰምቼ፣ ከፊሉን አይቼ ነው።

ነገሩ ከታወቀ በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ጸለዩላቸው። ጸሎቱ ሲያልቅ አገልጋዩ፣ «እህት ታደለች፣ ምን ይታይሻል?» ብሎ ጠየቀ። ምእመኑ ይጠብቃል። «ምንም» አሉ። «ጌታ ይመስገን፤ ግን ምንም አይታየኝም።» ይኼን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። «ሰባት ዓመት ‹አያለሁ› ስል ኖሬ እዚያ መድረክ ላይ ደከመኝ። አላይም ማለት እንዲህ የሚያሳርፍ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

በዚያው ክረምት ማለቂያ ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው ዲላ መጡ። ዓይነ ስውራን ልጆች የሚማሩበት አንድ ክፍል ነበረ፤ ለምነው ገቡ። ከሰባትና ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። መምጣታቸውን ሰምቼ በአንድ ቅዳሜ ፈርቼ ሄድኩ። ድምፄን ሲሰሙ፣ «ማብራሪያ፣ ና ቁጭ በል» አሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሄድኩ።

ብሬሉ ግን እንደ እቅዴ አልሄደም። በልጅነታቸው እንሰት የፋቁ፣ ቡና የለቀሙ ጣቶች ናቸው፤ ጫፋቸው እንደ ቆዳ ጠጥሯል። ስኳሩም ስሜታቸውን እየበላው ነበር። ነጥቦቹ አይሰማቸውም። ጣታቸውን በሻካራ ድንጋይ ይፈገፍጉት ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ወረቀቱ ላይ ደም አየሁ፤ እሳቸውም የተሰማቸው መስሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የነገርኳቸው። አጠገባቸው የምትቀመጠው ሕፃን መስመሯን ጨርሳ ስትጠብቃቸው ትሰለቻለች።

«ቲቸር፣ አንቺ ሰነፍ ነሽ» አለቻቸው አንድ ቀን እኔ እየሰማሁ።

«አዎ፤ ሰነፍ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ፣ ያልገባው ልጅ ውስጡ ምን እንደሚሰማው አላውቅም ነበር። ሁሉም ሲጨርስ አንተ ብቻ ስትቀር። ስንቱን ‹ድንጋይ› ብያለሁ መሰለህ?»

የእነዚያን ልጆች ስም ቆጠሩልኝ። ስም አልረሱም። ከስሞቹ አንዱን ሄደው አገኙት፤ መፈልፈያው ላይ እሸት የሚመዝን ሰው ሆኗል። ይቅርታ ጠየቁት። እሱም፣ «ምንም አይደል ቲቸር። እኔ ትምህርት ያቆምኩት እኮ በዚያን ቀን ነው» አላቸው፤ በትሕትና፣ ሚዛኑን ሳይለቅ። ይኼን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። «እንግዲህ ይኼንንም አወቅሁ» ነው ያሉት። ሰው በለውጥ ያድጋል ስል የኖርኩት እኔ፣ እድገት እንዲህ ዓይነት ፊት እንዳለው አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ቁጥሮቹን በጣታቸው ማንበብ ቻሉ። ፊደሉ እስከ መጨረሻው አስቸገራቸው። ቁጥር ይበቃኛል ብለው ወደ ክፍል ለመመለስ አመለከቱ። ብዙ ተመላልሰው አንድ ኮሚቴ ለአርባ ደቂቃ ሲያስተምሩ ሊያያቸው ተስማማ።

በቅደም ተከተል ቢሆን የኮሚቴው መልስ ከትምህርቱ በኋላ ነበር የሚመጣው። አስቀድሜ ልናገረው፤ መልሱ አይሆንም ነው። ሁለት መስመር ደብዳቤ ነበር፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ደረሳቸው። ከዚያ በኋላ ክፍል አልገቡም፤ ዓመት ሳይሞላቸው ጋሽ ጅግሶ ደወሉልኝ። አሁን ወደዚያች ቀን ልመለስ።

ከዲላ ወደ ድሮው ትምህርት ቤታችን አብሬያቸው ሄድኩ። የኮሚቴው አባላት ከኋላ ተቀመጡ፤ እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። እትዬ ታደለች ነጭ በትራቸውን ሰሌዳው ላይ አስደገፉና ጠረጴዛውን ሁለቴ መቱ።

«ስሜ ታደለች ነው። ዓይኔ አያይም። ሰሌዳ ላይ እናንተ ትጽፋላችሁ፤ እኔ እጠይቃለሁ። ያልገባው ጮክ ብሎ አልገባኝም ይበል፤ አንገቱን ቢነቀንቅ እኔ አላይለትም።»

ከልጆቹ የተወሰኑት ሳቁ። እትዬ ጠበቁና ትምህርቱን ቀጠሉ። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል ነበር። መካከል ላይ አንድ ቁጥር ተሳሳቱ፤ ከፊት የተቀመጠች ልጅ፣ «ቲቸር፣ ሦስት ሳይሆን አምስት ነው» አለች። «ስምሽ ማን ነው?» አሏት። «መሠረት።» «መሠረት፣ አምስት ነው። ጎበዝ።» ከኮሚቴው አንዱ ጻፈ። ምን እንደጻፈ ገባኝ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። ድሮ ልጆቹ ጸጥ ብለው ከሰሌዳ ይገለብጡ ነበር፤ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ፣ «አልገባኝም» ይላሉ፣ ሰሌዳው ጋ ይጋፋሉ። ሰሌዳው ላይ አንድም ቀጥ ያለ መስመር አልነበረም።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። ዳገቱን ስንወርድ ክርኔን ያዙ፤ ከዚያ በፊት ይዘውኝ አያውቁም።

«ሲስቁ ሰማህ?» አሉ።

«ሦስት ልጆች ናቸው፤ ግድ የለም።»

«አምስት ናቸው። ሁለቱ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነው።»

«ነገሩን ባይነግሯቸው አይስቁም ነበር» አልኩ፤ ወዲያው ተጸጸትኩ።

«አይስቁም። ግን ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ‹አሁን ያውቁብኝ ይሆን› ስል ነበር የማልፈው። ሰባት ዓመት አንድም ቀን ስለ ሒሳብ አስቤ አላስተማርኩም፤ ስለ ራሴ ነው። ዛሬ ስለ ክፍልፋይ ብቻ አሰብኩ።»

ጭቃው ላይ እግራቸውን እየመረጡ ወረዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ልጨምር አልፈለግሁም።

«ያቺ መሠረት» አሉ ቆይተው፣ «ክፍልፋዩን ገለበጠችው እንጂ ለምን እንደሚገለበጥ አልገባትም። ድምፅዋ ውስጥ ይሰማል። ነገ ከእሷ ነው የምጀምረው።»